ጡረታና ጧሪ

በጥር ወር ለዘመድ ለቅሶ ወደ ቀየት ወጥተን ነበር። የደጋውን ጥር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፣ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ ፀሐይም ከፍ ብላ ሰውን እስክታፍታታ ድረስ ከበርኖስና ከጋቢ ውስጥ እጁን የሚያወጣ የለም። ከለቅሶው ድንኳን ወጣ ብለን ፀሐይ ስንሞቅ በልጅነታችን የምናውቃቸው፣ አሁን 54 ዓመት የሆናቸው አንድ መምህር አጠገባችን ተቀመጡ። ስለ ሟቹ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጉ ዋጋ ከተጫወትን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አባ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎትና አንድ ነገር ይንገሩኝ። እኔ በ55 ዓመቴ ሥራ ልለቅ፣ ወደ አባቴ ቦታ ልመለስ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዐቅጄ ነበር። ሁሉም ፈረሰ። ጥፋቱ ማቀዴ ነው ወይስ መፍረሱ?» አሉን።

በዚያች ሰዓት «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል፤ ጋሼ፣ ይተዉት» ብለን ማለፍ እንችል ነበር። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት ቶሎ ሲነገር ሰውን ዝም ለማሰኘት የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። መምህሩ የጠየቁት ማጽናኛ ሳይሆን ፍርድ ነበርና ጥያቄያቸውን ይዘን ተመለስን። እነሆ ዛሬ ለምእመናንና በተለይም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ከዚያ ውይይት የተወለደ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ይኸውም ያረጀን ወይም የደከመን ሰው አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ ጧሪ ይገኛል፤ ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በሌሎች አንዳንድ ቋንቋዎች ይህ የሕይወት ዘመን የሚሰየመው ከሥራ ወደ ኋላ በማፈግፈግ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ስሙን ያገኘው ከደጋፊው ሰው ነው። የእኛ ቃል «ማን ይደግፍሃል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «መቼ ትለቃለህ?» አይልም። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ወደ ኋላ ግን እንመለስበታለን።

በአባቶቻችን ዘመን በመንዝና በአካባቢው ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ነበር። ሽማግሌው ጉልበቱ ሲከዳው ከልጆቹ አንዱ ቤት ቀርቶ ይጦረዋል፤ ጧሪው ልጅም ከሌሎቹ ላቅ ያለ ድርሻ ቢያገኝ እንደ ተገቢ ይቈጠራል፤ ምንም እንኳ በዚሁ ድርሻ ሳቢያ ወንድማማቾች ዳኛ ፊት የቆሙበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም። ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ደግሞ ቆብ ጭነው፣ ያላቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን በጸሎት ያሳልፉ ነበር። ይህንን ስናወሳ ያለፈውን ዘመን ለማሳመር አይደለም። ልጅ ያልወለደ፣ ልጁ የሞተበት ወይም የተሰደደበት ሽማግሌ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ዕጣ መራራ ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ አንድ ነገር በግልጽ ያውቅ ነበር፤ ያውም ሰው ለእርጅናው የሚያከማቸው ትልቁ ሀብት ሌላ ሰው መሆኑን።

በመንግሥት በኩል የጡረታ ሥርዓት የተደራጀው የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ በደነገገው በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ዘመን ነው። ለሃምሳ ዓመት ያህል ይህ መብት ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ቢበዛ በድርጅቱ ፕሮቪደንት ፈንድ ከመጠቀም በቀር በሀገር አቀፍ ሕግ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። በዚያው ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 714 ወጣ፤ ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩ። አራሹ ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ነጋዴዋ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። በደጋው ሀገራችን የሚበዛው ሕዝብ እነርሱ እንደሆኑ ማንም አይስተውም።

መምህሩ በፀሐዩ ላይ የነገሩን ዕቅድ እንዲህ ነበር። በ2003ቱ አዋጅ መሠረት 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው፣ የ60 ዓመት መጦሪያ ዕድሜው ሊሞላ አምስት ዓመት ሲቀረው በገዛ ፈቃዱ መጦር ይችላል። እርሳቸው በ55 ዓመታቸው 32 ዓመት አገልግሎት ይኖራቸዋል። ከደመወዛቸው እየቀነሱ ባንክ ያስቀምጣሉ፤ እቁብ ሲደርሳቸው በግ ይገዛሉ፤ በጎቹን ወደ ደብረ ሲና ወገን ለሚኖር ዘመድ በርቢ ይሰጣሉ፤ ከአባታቸው በወረሱት ቦታ ጥግ ባሕር ዛፍ ተክለዋል። ዕቅዱን ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ወጣት ፊት ይበራ ነበር። «ማለዳ ደወል ሳልሰማ ልነሣ፣ በጎቼን ላሰማራ፣ ከሰዓት መጽሐፍ ላነብ» ነበር ሐሳባቸው። እኛም በልባችን «ይህ ሰው ያማረው ስንፍና አይደለም» አልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲደርስና ሕዝቡ ከደብረ ሲና ወገን ሲፈናቀል በጎቹ ጠፉ። ታናሽ ወንድማቸው ታሞ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመላለስ የባንኩ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ወጣ። የቀረው ገንዘብ ደግሞ ማንም ሳይነካው አነሰ። ወንድማቸውም ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ትቶ ዐረፈ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ማቀድ ጥፋት ነውን? በቅዱስ ወንጌል ጌታችን ስለ አንድ ባለጸጋ የተናገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እርሻው ስለ በዛለት ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ያሰበውን፣ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ የተፈለገችበትን ሰው። ይህ ምሳሌ በብዙ ስብከት ላይ እንደ ቁጠባ ክስ ሲነገር ሰምተናል፤ እኛም ክህነት በተቀበልን ሰሞን እንደዚያ ሰብከናል። ዛሬ ግን እንዲህ አናነበውም። ምሳሌውን ቀስ ብሎ ለሚያነብ፣ ሰውየው ከራሱ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ፍሬው የእርሱ፣ ጎተራው የእርሱ፣ ነፍሱም የእርሱ ናት፤ በታሪኩ ውስጥ ሚስት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ ያጨዱለት ሠራተኞች የሉም። ስንፍናው ማከማቸቱ አይደለም፤ ብቻውን ማከማቸቱና የተከማቸውን ከሞት የሚያድን አድርጎ መቍጠሩ ነው።

በሌላ ወገን በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ አለ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ሰብስቦ በሰባቱ የራብ ዓመታት ሕዝብ አተረፈ። ማቀድ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ዮሴፍ ባልተመሰገነ ነበር። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ወረድ ብሎ የሚገኘውን ብዙ ሰው አያነበውም፤ ራቡ ሲጸና ሕዝቡ በመጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሰጠ። የተከማቸ እህል ማዳንም ባሪያ ማድረግም ይችላል። ይህንን በመሬትና በራብ ታሪክ ለተፈተነው ለእኛ ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ስለ ጥበብ ሲያስተምር፣ አስቀድሞ ማየት የጥበብ አንዱ ክፍል ነው ይላል። ስለ ነገ መጨነቅን ግን በሌላ ቦታ ለይቶ ይመረምራል፤ ለእያንዳንዱ ወራት የየራሱ ሐሳብ አለው፤ በበጋ ስለ መከር ማሰብ ተገቢ ነው፣ የወይን ለቀማን ሐሳብ ግን ለመጸው መተው ይገባል ይላል። እንደ ጉንዳን በወቅቱ የሚሰበስብ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ገና ያልመጣውን ወራት ሸክም ዛሬ ላይ የሚጭን ነው። ይህን በእኛ ሀገር አነጋገር ብናስቀምጠው፣ የበልጉን ዘር በበልግ፣ የመኸሩን በክረምት ማሰብ ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመቱ ጀምሮ ጡረታ የሚወጣበትን ቀን የሚቈጥር ሠራተኛ አይተናል። እንዲህ ያለው ሰው በእውነቱ ደመወዝ እየበላ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ተማሪውም ታካሚውም ያውቀዋል። በ54 ዓመቱ ግን ጉሮሮው በጠመኔ አቧራ የደረቀ መምህር ስለ ዕረፍት ቢያስብ ወቅቱን ጠብቆ አሰበ እንጂ ቸኰለ አይባልም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ሬሩም ኖቫሩም በተባለው መልእክት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ቤተ ሰቡን ከማኖር አልፎ ቆጥቦ ጥቂት ሀብት ለማፍራት የሚያስችል ሊሆን እንደሚገባ አስተምረዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ላቦሬም ኤክዘርቼንስ በተባለው መልእክታቸው ዕረፍትን፣ የእርጅና ጡረታንና መድንን ከሠራተኛ መብቶች ጋር ቈጥረዋቸዋል። ስለዚህ ለእርጅና መዘጋጀት የእምነት ጉድለት ነው የሚል ሰው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ይናገራል።

በውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር በሌላ ስሌት ያዩታል። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንዶች፣ ሰው የዓመት ወጪውን 25 እጥፍ ካከማቸ በዕድሜው መካከል ሥራ ትቶ መኖር ይችላል ሲሉ ሰምተናል። የስሌቱ ምንጭ ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ጥናት ነው፤ ሰውየው የአሜሪካን የገበያ ታሪክ መርምሮ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከተከማቸው ከመቶ አራት ያህል አውጥቶ ከዚያ በኋላ ያንኑ እንደ ዋጋው ንረት እያስተካከለ የሚኖር ሰው ገንዘቡ ሠላሳ ዓመት ሊቈይለት እንደሚችል አሳየ። ስሌቱ ለተሠራበት ሀገር መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ያስባል፤ የአክሲዮን ገበያ፣ የማይናወጥ ገንዘብ፣ ደጃፉን የማያንኳኳ ዘመድ። ሦስቱም በቀየት የሉም። ሦስተኛው ባለመኖሩ ግን አናዝንም።

ስለ ገንዘቡ እንናገር፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነውና። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀማጭ ገንዘብ ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ ሰባት እንዲሆን ተወሰነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከመቶ ሠላሳ በላይ ሆነ። መቶ ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር ያገኛል፤ ነገር ግን ዋጋው ከመቶ ሠላሳ ካደገ፣ ያ 107,000 ብር ዓምና 82,000 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ሰውየው አልሰከረበትም፣ አልተጫወተበትም፤ በደብተሩ ላይ ቍጥሩ ጨምሯል፤ ሀብቱ ግን ቀንሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢዎቻችን ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውሳሉ፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያም 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር 5 ብር ሆኖ ነበር።

ከዚያም በፊት የከፋ ነበር። በንጉሡ ዘመን ገንዘብ የተረፈው ሰው ለእርጅናው የሚያስበው መሬትና የሚከራይ ቤት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። የገጠሩ አዋጅ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት እንደሆነ አንክድም። ነገር ግን ሻይ ቤት ከፍታ፣ ጠላ ሸጣ፣ ለእርጅናዋ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታ ያከራየች መበለት ከባለ ብዙ ሕንጻው መስፍን ጋር በአንድ አዋጅ ተቈጥራ ቤቷን ያጣችበት ጊዜ ነበር። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ፣ በእንስራና በሣጥን የተቀመጠ ገንዘብም ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ መቈጠር ነበረበት። በሀገራችን በእያንዳንዱ ትውልድ ለእርጅና የተዘጋጀው ነገር አንድ ጊዜ ከሥሩ ተነቅሏል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ታዲያ ለሚፈርስ ነገር ማቀድ ምን ይጠቅማል? በዚህ ላይ መንዝ ራሱ ያስተማረንን እናንሣ። በመንዝ ጓሳ ተብሎ የሚጠራው የደጋ ሣር ምድር መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስሙንም ያገኘው ቤት ከሚከደንበት፣ ገመድ ከሚገመድበት ከጓሳ ሣር ነው። ይህን ምድር የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ በሕዝብ ተመርጦ ይሾማል፤ ምድሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያግጥም፤ ጠባቂ ይቆማል፣ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሆኖ ከብቱ የሚበላው ሲያጣ፣ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ደግሞ ተመልሶ ይዘጋል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ መኖራቸውን ዓለም ሁሉ የሚያደንቀው ይህ ሥርዓት ስለጠበቃቸው ነው።

ይህ እንግዲህ ቁጠባ ነው፤ ያውም ገንዘብ የማያውቀው ቁጠባ። የሚያስደንቀን መቆጠቡ ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚዘጋ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈትም ቀድሞ የታሰበበት ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር ክፉ ቀን ሲመጣ ይበላል፤ ሲበላም «ዕቅዳችን ፈረሰ» ብሎ የሚያለቅስ የለም፤ ለዚያ ነበርና የተዘጋው።

ይህንን ለመምህሩ ስንነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። «እንግዲያስ የወንድምዎ ሕክምና ላይ የወጣው ብር ፈርሷል አይበሉ፤ ተከፍቷል ይበሉ እንጂ» አልናቸው። ይህ አነጋገር ሐዘኑን ለማቅለል የተሠራ ቃላት እንዳይመስል እንፈራለን። ነገር ግን በእርግጥ የምናምነው ነው። ለበግ ማርቢያና ለመጽሐፍ ንባብ የተቀመጠ ገንዘብ ለወንድም ሕይወት ሲወጣ ከታሰበለት ያነሰ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት አይቻልም። ወንድማቸው አልዳነም፤ ይህ እውነት ነው። የጓሳው ሣርም በድርቅ ዓመት ከብቱን ሁሉ አያድንም።

የቄሮው ሥርዓትም ራሱ ወድቋል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞው የርስትና የአባ ቄራ ሥልጣን ሲሻር ጓሳው ጠባቂ አጥቶ ያለ ገደብ ተጋጠ፣ ታረሰም። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ሥርዓቱን ያውቁት ነበርና ከዓመታት በኋላ በኮሚቴ መልክ እንደገና ተቋቋመ፤ በክልሉም መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። ሣሩ ሲያልቅ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ። የገንዘብ ደብተር ብቻ የነበረው ሰው ግን ደብተሩ ሲያልቅ ምን ይቀረዋል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን መናገር ይገባናል። በሰው ላይ የደረሰ ውድቀት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መምህሩ በጎቹን ሁሉ ባንድ ስፍራ፣ ባንድ ዘመድ ዘንድ ማድረጋቸው ስሕተት ነበር፤ ስሕተት ይታረማል። የወንድም ሕመም መከራ ነው፤ መከራ ይቻላል እንጂ አይታረምም። የገንዘቡ መርከስ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ሐሰተኛ ሚዛንንና የጎደለ መስፈሪያን አጥብቀው ይኰንናሉ። ብር ዛሬ የድካማችን ቁና ነው፤ ቁናው ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሲሄድ የሚጐዳው ቀድሞ የሰፈረው፣ ማለትም ቆጣቢው ነው፤ የሚጠቀመው ተበዳሪው ነው። ጦርነቱም፣ ወረርሽኙም፣ የዓለም ገበያም የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው እናውቃለን፤ ጥፋቱን ሁሉ ባንድ ሰው ራስ ላይ አንጥልም። ይሁን እንጂ ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ፍትሕ የሚገባውን ጥያቄ በትዕግሥት ስብከት ብቻ መመለስ እኛ ካህናት ብዙ ጊዜ የምንወድቅበት ስሕተት ነው።

ስለ ራሳችን ወገን ስሕተት ከተነሣ ደግሞ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኅሊናችን አይፈቅድልንም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቁምስና ስናገለግል ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበሩ። ግማሹን የሰበካ ሕፃናት ለመጀመሪያ ቍርባን ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ቁምስናው ሸኛቸው፤ ጋቢ ተሰጣቸው፣ ተጨበጨበላቸው፣ እኛም ንግግር አደረግን። ከዚያ በኋላ በልጃቸው ማድ ቤት ጥግ፣ መደብ ላይ ሆነው ሦስት ዓመት ኖሩ። አንድ ቀን ልንጠይቃቸው ስንሄድ ጋቢው ለልጅ ልጅ መታቀፊያ ሆኖ አየነው፤ እርሳቸውም እንግዳ መቀበያ ስለሌላቸው ይቅርታ ጠየቁን። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የሚናገሩትን መልእክቶች በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተምረን፣ ተፈትነን፣ አልፈናል፤ በገዛ ቁምስናችን ግን አላነበብናቸውም።

ስለዚህ ሰበካዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። እድራችን ሰውን በክብር ይቀብራል፤ ጧሪ የለውም እንጂ ቀባሪ አለው። ለምን ከቀባሪነት ወደ ጧሪነት አንድ እርምጃ አይራመድም? እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1900 በካናዳ፣ ኬቤክ፣ ሌቪ በተባለች ከተማ አልፎንስ ዴዣርዳን የተባለ ምእመን ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየሰበካው ሲተከሉ ከዋና አስተባባሪዎቹ መካከል ቆሞሳት ነበሩ። በሀገራችንም የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሕግ የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ማኅበር ከዋጋ ንረት አያመልጥም፤ ነገር ግን ገንዘቡ በጎረቤት እጅ በግ ሆኖ፣ ዘር ሆኖ፣ የወፍጮ ድርሻ ሆኖ ሲዞር፣ ቁናው ቢጠብም እህሉ ይኖራል። ከሁሉ በላይ የአባ ቄራውን ነገር ያመጣል፤ መቼ እንደሚዘጋና ለማን እንደሚከፈት የሚወስን ጉባኤ።

ገበሬ ምእመኖቻችንም ያላቸውን ይወቁ። መሬት አይሸጥም፤ ነገር ግን የመጠቀም መብቱ ይከራያል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ይወረሳል። ጉልበት ሲደክም መሬትን ለእኩል አራሽ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ውሉ በቃል ብቻ ሲሆን ግን ብዙ መበለት ተጐድታለች። በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑር፣ በቀበሌው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይታወቅ።

በመጨረሻው ቀን ወደ አዲስ አበባ ከመመለሳችን በፊት መምህሩ ቤት እራት ተጋበዝን። ከእራት በኋላ ደብተር አምጥተው «አባ፣ እስቲ አብረን እናስላው» አሉ። ስሌቱ እንዲቀል የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 10,000 ብር ነው አልን። ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዓመታት ከመቶ 30 ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨምራል፣ ጣራው ከመቶ 70 ነው። በ55 ዓመታቸው በ32 ዓመት አገልግሎት ቢወጡ ከመቶ 57.5፣ ማለት 5,750 ብር። እስከ 60 ቢቈዩ በ37 ዓመት ከመቶ 63.75፣ ማለት 6,375 ብር። ልዩነቱ በወር 625 ብር ሆነ። «ለዚህ ነው አምስት ዓመት?» ብለው ሣቁ። እኛም የደመወዝ ጭማሪ ቢመጣ አማካዩን ከፍ እንደሚያደርገው፣ በሌላ በኩል ግን ከደመወዝ ላይ ግብርና ከመቶ ሰባት መዋጮ ስለሚነሣ፣ በሥራ ላይ የሚያገኙት ትርፍ በወረቀት እንደሚታየው እንዳልሆነ አስረዳናቸው፤ የ2014ቱን አዋጅ ዝርዝርም ከጡረታ ጽሕፈት ቤቱ እንዲያጣሩ መከርናቸው። ከሞቱም ለሚስት ከጡረታው ግማሽ፣ ለልጅ ከመቶ ኻያ እንደሚተላለፍ ጻፍን። የወንድም ልጆች ግን በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

እዚህ ላይ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሁለቱ ልጆች ከምድጃው ዳር ተቀምጠው የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ታላቂቱ ስምንተኛ ክፍል ናት። መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ይህቺ ዐሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እኔ ስንት ዓመት ይሆነኛል?» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ሃምሳ ስምንት» ብለው መለሱ፤ ሒሳቡን ቀድመው ሠርተውት ነበር።

መምህሩ በደብተሩ ላይ 55 የሚለውን ሰርዘው 58 ጻፉ፤ ከሥሩም «በግ፣ ሦስት፣ በሁለት ቦታ» ብለው ጨመሩ።